አሰለች የመረጠቻት መርከብ

ሰኔ 5 ቀን 1967

የመጨረሻዋ አውሮፕላን ዛሬ ሄደች። ከእንግዲህ ማረፊያው ሜዳ ጭቃ ነው፤ እስከ መስቀል እንግዳ የለም። ሆቴሉን ስንዘጋጋ ዋልን። ዕቃ ቤቴ ገብቼ አንሶላውን አጣጠፍሁ፣ ብርድ ልብሱ ላይ የብል መድኃኒት በተንሁ፣ ቆለፍሁ።

ስወጣ ዘማች ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ቤተሰብ ይመዘግባሉ። የኔ ተራ መነጽር ላደረገችው ልጅ ደረሳት፤ ጨዋ ናት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ... ሚስት? “ሞታለች፤ በመጋቢት።” ነፍስ ይማር አለች፤ ጻፈች። “ልጆችስ፣ ጋሼ?”

“እግዜር ሲፈቅድ” አልሁ።

ብዕሯ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትጽፍ ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈች።

ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንዲህ ይላል? አፌ ለምዶት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሁት።

ሰኔ 6

አውሮፕላኗ ካመጣችው ፖስታ ውስጥ የኔም ነበረበት። ከማዳም ኤልዛ።

ባለፈው ኅዳር ሆቴላችን ለዘጠኝ ቀን የሰነበተችው የፈረንጅ አሮጊት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ጉልበቷን ሲያማት መዞሩን ተወችና ከኛ ደጅ ተቀምጣ አሰለች ስፌት ስትሰፋ ታይ ነበር። ቋንቋ የላቸውም፤ በእጅ ነው የሚያወሩ። ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ሲስቁ አገኛቸዋለሁ። ምኑን ነው የሚስቁት? አንድ ቀን አልነገሩኝም።

ልትሄድ ስትል ሦስት ባለ ሥዕል መጽሔት አመጣች። የሦስት መርከብ ኩባንያዎች ናቸው። ጭነት የሚጭኑ አይደሉም፤ ሰው ለደስታው ብቻ የሚሳፈርባቸው፣ ባለጸጋ የሚሄድባቸው። “ከባሌ ጋር ልንሄድ ነበር። ብቻዬን መምረጥ አቃተኝ፤ አሰለች ትምረጥልኝ” አለች። ተረጎምሁላት። አሰለች ባሕር አይታ አታውቅም። “እሺ በላት” አለችኝ።

ደብዳቤው አጭር ነው። የስዌዝ ቦይ ሊከፈት ነው፤ መርከቦቹ በኛ ባሕር በኩል ሊያልፉ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትሳፈራለች። “አሰለች የትኛዋን መረጠች? ቃል ገብታልኛለች። እሷ ካልመረጠችልኝ አልሄድም” ትላለች። መልሱ ቢዘገይ እስከ መስከረም እንዲደርሳት...

የአሰለችን መሞት አታውቅም።

ሰኔ 9

ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለት ነገር መጻፍ አለብኝ... መሞቷንና ምርጫዋን። የመጀመሪያው ቃል እንኳ አልወጣ አለኝ።

ሰኔ 14

ዝናብ። ሥራ የለም።

አሰለች ለሦስቱም መርከቦች ስም አውጥታላቸው ነበር። ነጯ። ባለ ቀይዋ፣ ጭስ ማውጫዋ ቀይ ስለሆነ። ሰማያዊዋ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን እናገላብጣለን። እኛ... የቅንጦት መርከብ መራጮች። ሰው ቢያየን አይስቅብንም ነበር?

የምግቡ ሥዕል ላይ ደረሰች። ያ ሁሉ ጠረጴዛ፣ ያ ሁሉ ፍራፍሬ። “አምና በረሃቡ በየመንገዱ የወደቁት ይህን ቢያዩ” አለችና ገለበጠችው።

ቀጥሎ የመዋኛ ገንዳው ነበር። መርከቧ ላይ፣ ባሕር መካከል ሌላ ውኃ። አንዲት ሴትዮ በጀርባዋ ተንጋላ ፀሐይ ትሞቃለች። አሰለች ጣቷን አሳረፈችባት። “ይችንስ ማን በገመድ አወረዳት?” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። “ውኃውስ ይሞቅ ይሆን?” ስትለኝ ግን ገጹን ገለበጥሁት።

ምኑ ያስቃል? እዚህ በየገናው ልጅ ያልወለዱ ሴቶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ኩሬ ይወርዳሉ። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጅ ይሰጠናል ብለን። እሷ ሰባት ገና ወርዳለች።

የሰማያዊዋ መጽሔት ሽፋን ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። “ይሄ ምን ይላል?” አለችኝ። እንግሊዝኛዬ የስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ያ አልጠፋኝም። ልጆች አይሳፈሩም፤ ለአዋቂዎች ብቻ ነው የሚለው። “ዋጋው እንደ ክፍሉ ነው ይላል” አልኋት። ዋሸሁ። ልጅ የሚለውን ቃል አንብቤ ፊቷ ላይ ማስቀመጥ አልቻልሁም። “ደግሞ ይቺ በኛ ባሕር አታልፍም” ብዬ ከሥር ከተትኋት። ነጯን አነሳሁላት። ነጯን አመሰገንሁላት።

“እንግዲያ ነጯ ትሁን” አለች።

ስለዚህ ነጯ ናት። ይህን መጻፍ ለምን ያቅተኛል?

ሰኔ 21፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ኩሬው ጫፍ ቆሜ መጣሁ።

ሳል ነበረባት፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ። “ዘንድሮስ ይቅርብኝ፣ ምስጋኑ” ብላኝ ነበር። “ዘንድሮን ብቻ” አልኋት። እኔ ነኝ ያልሁ። ገመዱን ከያዙት አንዱም እኔ ነበርሁ። ስትወጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ጋቢዬን ደረብሁላት። ፈገግ ብላ “በቃህ?” አለችኝ። ሳሉ ደረቷ ገባ። መጋቢት ስምንት...

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ኪዳን “ቀኗ ነው፣ ልጄ” ብለውኛል። ቀኗ ይሁን። ገመዱስ?

ሐምሌ 3

እኅቴ አልጣሽ ከገነተ ማርያም በዝናብ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

“ሰው አየሁልህ።”

“ምን ሰው?”

“ሰው ነዋ፤ በቅሎ ነው የምልህ? የሙጃ አገር ሴት ናት። ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ወልዳ አሳድጋለች፤ ማህፀኗ የታወቀ ነው።”

“አልጣሽ፣ ስድስት ወሯ እንኳ አልደረሰም።”

“ይድረስ። ማን ነገ አግባ አለህ? ዕወቀው ነው የምልህ። አርባ ስምንት ዓመት ለወንድ ምን አላት። ስምህን ማን ይጥራልህ?”

ዝም አልሁ።

“ዝም ስትል አባታችንን ትመስላለህ። እሱም እንዲህ ዝም እያለ ነው ስምንት የወለደ።”

ሳቅሁ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ወዲያው አፈርሁ። ስትሄድ “እንግዲህ እግዜር ሲፈቅድ በለኝ” አለች። አልሁላት። ምን ይከብዳል?

ሐምሌ 12

ወረቀት አወጣሁ። “አሰለች ነጯን መርጣ ነበር” ብዬ ጀመርሁ። የኩባንያውን ስም በትክክል ልጽፍ መጽሔቶቹን ፈለግሁ። መደርደሪያው ላይ ሁለቱ ብቻ። ሰማያዊዋ የለችም።

የስፌት ዕቃዋን ከሞተች ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ዛሬ ከፈትሁት። ወስፌዋ፣ ሰበዟ፣ የጀመረችው የመሶብ ክዳን... ከሁሉ ሥር ሰማያዊዋ። በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ። ሽፋኑ በወስፌ ተበስቷል፤ ለስፌቷ ከነከረችው ቀይ አለላ አሳልፋ ቋጥራበታለች። የዋሸሁበት መስመር ሥር። ልክ እሱ ሥር።

ማንበብ አትችልም ነበር። ማን አነበበላት?

ሐምሌ 13

በዚህ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? አስጎብኚው ታፈረ ዘንድ ሄድሁ። ክረምቱን ሥራ ፈትቶ ብቻውን ዳማ ይጫወታል።

“ና አያ ምስጋኑ፤ ራሴን አሸንፌ ሰለቸኝ” አለ።

“አሰለች መጽሔት አስነብባህ ነበር?”

የያዘውን ቆርኪ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠ።

“አስምላኝ ነበር።”

“ሞታለች እኮ። ማንን ትፈራለህ?”

“እሷን ነዋ” አለ። ቀልዱን አልነበረም።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው የሄደችበት። “‘ባሌ አንብቦልኛል፤ ሲያነብ ግን ዓይኑ ሸሸኝ’ አለች። አነበብሁላት። ‘ልጅ አይገባም? የማንም?’ ‘የማንም።’ ‘እንግዲያ እዚያ ስንት ወለድሽ የሚል የለም?’ ‘ማን ይላል? ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሳፈራል፣ ይበላል፣ ይተኛል።’ ሦስቴ አስነበበችኝ፣ አያ። ‘ለማዳም የምመርጥላት ይችን ነው፤ ለራሴም’ ብላ ሄደች።”

“ለኔ ለምን አልነገረችኝም?”

“‘ተስፋ የቆረጥሁ ይመስለዋል፤ ልቡ ይሰበራል’ አለች። ‘ኩሬውንም ለሱ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ልጁን ድሮ ትቼዋለሁ’... ልተወው?”

“አትተወው።”

ዳማውን እያየ ጨረሰው። “‘ሰው ስንት ወለዳችሁ ሲለን አይከፋኝም። እሱ እግዜር ሲፈቅድ ሲል ነው የሚከፋኝ’ አለች። ‘እስከ ዛሬ የኖርነው ያልተፈቀደልን ይመስል።’”

እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም።

ሐምሌ 14

እኔ ለሷ ስል፣ እሷ ለኔ ስትል። ሰባት ገና።

አንዳችን አንዲት ቃል ብንናገር...

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ስጸልይ “ልጅ ስጠን” የምለው ቦታ ደረስሁ። ቆምሁ። ከሞተችም በኋላ እለው ነበር ማለት ነው? እለው ነበር። አራት ወር ሙሉ።

ዛሬ ተውሁት። በቦታው ምን እንደምል ግን አላገኘሁም። ተሳልሜ ወጣሁ።

ነሐሴ 4

ስንቱን ቀድጄ በመጨረሻ ጻፍሁ። እዚህም ላኑረው።

“ክብርት ማዳም ኤልዛ። አሰለች መጋቢት ስምንት ቀን ዐርፋለች። ምርጫዋን እኔ ራሴ ያወቅሁት በሐምሌ ነውና መልሴ ዘገየ። ሰማያዊዋ ናት፤ ልጆች የማይሳፈሩባት። በደንብ አስባ፣ ሦስት ጊዜ አስነብባ ነው የመረጠችልዎ። እኔ ነጯን ላስመርጣት ሞክሬ ነበር። ስለዚህ እባክዎ፣ የነጯ ዋጋ ቢቀንስም በሷ አይሂዱ። መርከቧ ላይ ካለው ገንዳ ሲገቡ ውኃው ይሞቅ እንደሆነ ይጻፉልኝ። አሰለች ሥዕሉን አይታ ጠይቃኝ መልስ አልሰጠኋትም።”

ነጋዴው ሸዕባን ወደ ወልድያ ሊወርድ ነበር። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

“የመንግሥት ጉዳይ ነው?”

“የአሰለች ነው።”

ጆንያው ውስጥ የከተተውን አውጥቶ በደረቱ ያዘው። “አላህ ይዘንላት። በጨው ዋጋ አንድ ቀን አሸንፌያት አላውቅም” አለ።

መስከረም 8 ቀን 1968

ስድስት ወሯ። ጸበሏን አወጣሁ፤ ካህናቱ ፈቱላት። ጎረቤት ሁሉ መጣ።

አልጣሽ ዕቃ ስታጥብ ጠጋ አልሁና “የሙጃዋን ሴት አታስጠብቂብኝ፤ ሌላ ታግባ” አልኋት።

“ታዲያ ስምህን ማን ይጥራ?”

“አሰለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርታዋለች።”

ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች። ዓይኔን አየችና ተወችው። ሳህኑን አቀበለችኝ፤ አደረቅሁ።

ጥቅምት 7

አውሮፕላን መምጣት ጀምራለች። ከማዳም መልስ የለም። ደርሷት ይሆን? ቀይ አለላውን አልፈታሁትም፤ መጽሔቷን ከነቋጠሮዋ መደርደሪያው ላይ አቆምኋት። ከሥር አይደለም።

አዲሱ ቀበሌ ደግሞ ቤተሰብ ይመዘግባል። ተሰለፍን። ጸሐፊው የሻው ነው፤ ደግ ልጅ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ሚስት። ነገርሁት።

“የልጅ ብዛት፣ ጋሼ?”

“የለም።”

አሳዘንሁት መሰለኝ፣ ብዕሩን አነሳ። “ገና ነዎት እኮ። እግዜር ሲፈቅድ...”

“ፈቅዶ ነበር” አልሁት። “ሁለት ነበርን።”

የሻው መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ።

“ዜሮ ልበል?”

“በል።”

ጻፈ። ፈረምሁ።