ያላወጣሁልሽ ዕጣ

ሞንድሪጅ፣ ካንሳስ
እሑድ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2009

የምወድሽ ልጄ ጃኔል፣

እዚያ ኦሪገን፣ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ስታነሺ ስታስተኚ ወገብሽን እንዳይጎዳሽ እያሰብኩ ነው የምጽፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስንዴው ውርጩን ችሎ ቀና ብሏል። የእህል ጎተራው ሥራም እስከ መከር ረገብ ይላል። የእናትሽን ሾርባ መሥራት ለምጃለሁ፤ መጠኑ ግን አልገባኝም፣ ሁልጊዜ ለሦስት ሰው ይሆንብኛል።

ባለፈው በስልክ፣ "አባዬ፣ መምረጥ አቅቶኛል። ለቅድመ አያቴ እንደወጣለት ዕጣ አውጣልኝና በወጣው እሄዳለሁ" ብለሽኝ ሳቅሽ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቅድመ አያትሽ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪነት የተመረጠው ከተደረደሩት መዝሙር መጽሐፎች ባነሣው ውስጥ በተሸሸገች ብጣሽ ወረቀት ነው፤ እስኪሞት ድረስም አንድ ቀን "ተሳስተው ነው" አላለም። ለተቀበሉሽ ለሁለቱም ኮሌጆች፣ ለሩቁ ሃርግሬቭም እዚሁ ቅርባችን ላለው ኤበንፌልድም፣ እስከ ሜይ መጀመሪያ መልስ መስጠት አለብሽ። እና ዕጣውን ላወጣ ቆረጥኩ።

ግን ስለማላውቀው ነገር ዕጣ ማውጣት ደግሞ እግዚአብሔርን መፈታተን መሰለኝ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት እሑድ የምለብሰውን ሸሚዝ ለብሼ ኤበንፌልድ ኮሌጅ ሄድኩ። ባዮሎጂ የምታስተምረውን ዶክተር ቮዝን አገኘኋት።

"የቅድመ ሕክምና ትምህርት ክፍሉ የትኛው ሕንፃ ነው?" አልኳት።

"አቶ ስታኪ፣ እንደዚያ የሚባል ክፍል የለም። ሃርግሬቭም ቢሄዱ የለም። ልጅዎ የፈለገችውን ታጥና። ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውን፣ ፊዚክሱን ጎን ለጎን ትወስድና በአራተኛው ዓመት ለሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች።"

"የፈለገችውን? ሙዚቃም ቢሆን?"

"ሙዚቃም ቢሆን።"

እኔ እኮ ጉባኤው ፊት ቆሜ "ልጄ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባች" ብዬ ምስጋና አቅርቤያለሁ! ጎረቤታችን ደልበርት ካውፍማን ከዚያ ወዲህ "ዶክተሯ ደህና ናት?" ሳይለኝ አይውልም። ስለ ጉልበቱ የሚጠይቅሽንም እያጠራቀመ ነው።

"ታዲያ የትኛው ይሻላታል?" አልኳት። ኮሌጇን ታሞግሳለች ብዬ ነበር። አላሞገሰችም።

"እዚህ ከመጣች በስሟ እናውቃታለን። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጽፍላትም የምናውቀውን ነው የምንጽፈው። እዚያ ደግሞ ሆስፒታሉ አጥሩ ሥር ነው፣ ቤተ ሙከራውም ከእኛ ይበልጣል። ግን የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ አራት መቶ ተማሪ ይገባበታል፤ ተማሪዎቹ 'ማረሚያው' ይሉታል።"

"ምን አጥፍተው?"

ከልቧ ሳቀች። "እንደ አረም ስለሚነቀሉ ነው። ሰው ሲበዛ የሚጠፋ ልጅ አለ፣ ሰው ሲበዛ የሚበረታም አለ። ልጅዎ የትኛዋ ናት?"

ጃኔል፣ እናትሽ ብትኖር ጥያቄው ሳያልቅ ትመልስ ነበር። እኔ ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤት ነዳሁ።

ቅዳሜ ደልበርትን ጠራሁት። ሁለት አንድ ዓይነት መዝሙር መጽሐፍ ከቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ነበር። የኮሌጆቹን ስም በየብጣሹ ጻፍኩና ሰጠሁት፤ ጀርባዬን ስሰጥ በየመጽሐፉ ሸሸጋቸው።

"ዱዌን፣ ዕጣ ልታወጣ ነው ወይስ ልጅ ልታስቀር?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ጸልይ" አልኩት።

አንገታችንን ደፋን። "ፈቃድህ ትሁን" እያልኩ ዓይኔ ተከፈተ። ከግራው መጽሐፍ የወረቀቱ ጫፍ ብቅ ብሎ "ኤ" የምትለው ፊደል ትታያለች። እጄ ሳላዘው ወደዚያ ሄደ።

"በጸሎት መሃል ዓይን አይገለጥም" አለ ደልበርት።

"አንተስ በምን አየኸኝ?"

"እኔማ አንተን እየጠበቅሁ ነው።"

እጄን ሰበሰብኩ። ዕጣ ለሁለቱም ልቡን ለከፈተ ሰው ነው። ስሙን አውቄ ባነሣው፣ ያንቺን ሕይወት በእግዚአብሔር ስም እኔው ልወስነው ነበር። ደልበርት ወረቀቶቹን አውጥቶ ምድጃ ውስጥ ከተታቸውና ከዚያ ሁሉ ሾርባ ሁለት ሳህን ጠጣልኝ።

ስለዚህ ዕጣ የለሽም፣ ልጄ። ያለኝ የሰማሁት ብቻ ነው። በስልክ ስለ ሃርግሬቭ ስታወሪኝ ስለ አስተማሪዎቹ፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ አንድም ቀን አይተሽው ስለማታውቂው ወንዝ ሳይቀር ነገርሽኝ። ስለ ኤበንፌልድ ያልሽኝ "አንተ ጋ ቅርብ ነው" ብቻ ነው። ለእኔ መቅረብሽ በሽተኛ አያድንም። ኤበንፌልድን የምትመርጪው ለዶክተር ቮዝ ብለሽ ከሆነ እሰየው፣ እልል እላለሁ። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን አትምጪብኝ።

ማረሚያውም አያስፈራሽ። እናትሽ የታመመች ጊዜ፣ እኔ ከክፍሉ እየወጣሁ ሳለቅስ አንቺ አልወጣሽም። የዶክተር ቮዝ ጥያቄ መልሱ ይሄው ነበር፤ ዘግይቶ መጣልኝ።

መልስሽን እስክትልኪላቸው ድረስ አልደውልልሽም፤ አንቺም አትደውዪ። ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ድምፄን እንዳትሰሚ ነው፤ እሱ እኔ የማልለውን ይናገራል።

እናትሽን በሕመሟ ያጽናና አምላክ እጅሽን ያጽናው። የምትነኪው ሁሉ ይዳንልሽ፤ የማይድነውም ብቻውን አይሁን።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ዱዌን ስታኪ