የብርቱካን ገመድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ከገዛ መኪናዬ ለመውጣት ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አስፈለጉኝ። አንዱ በቀኝ እጄ፣ አንዱ በግራ፣ «በሉ፣ አንድ፣ ሁለት…» እያሉ ጎተቱኝ። ያውም ወሎ ሰፈር መሀል፣ ከምሠራበት ፋርማሲ በር ላይ፣ ወያላ ሁሉ እያየ። አንደኛው ወያላ «እማማን ቀስ አድርጓቸው!» አለ። እማማ! እኔን! ገና አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

ጀርባዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ከሰዓት በኋላ አስፈቅጄ ሐኪም ጋ ሄድኩ። አጎነበሰኝ፣ አቆመኝ፣ አስራመደኝ። «በግራ ጎንሽ ተደግፈሽ የምትሠሪው ሥራ አለ?» አለኝ። የለም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት የምሰጥ ሰው ነኝ። ስለ መኪናዬ ስነግረው ግን ሳቀ። «እሷን ተዪያትና ከፍ ያለ መኪና ንጂ» አለኝ። መናገር ቀላል ነው።

ብርቱካን መኪናዬ ናት። ስሟን ያወጣላት ቀለሟ ነው። ጣልያን ስሪት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ የድሮ ስፖርት መኪና። ልጄን ሶስናን በወለድኩበት ዓመት ነው ሣር በቅሎባት ከቆመችበት ጓሮ የገዛኋት። እናቴ ያኔ «አራስነቱ ነው፣ ይለቃታል» ብላ ነበር። አልለቀቀኝም።

ደግሞ ከእኔ በቀር ለማንም አትነሳም። ባለቤቴ ማርቆስ ስንቴ ሞክሮ ትቷታል። መካኒኩ ራሱ እኔን ከወንበሩ ሳያስነሳ ነው የሚሠራት፤ «ጌታዋን ታውቃለች» ይላል። እንዲህ ሲል ኩራቴ አይጣል ነው።

እራት ላይ «እሸጣታለሁ» አልኩ። ማርቆስ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «እንጸልይበት» አለ። ለሁሉም ነገር እንዲሁ ነው የሚለው። እኔ ግን ብርቱካንን መሸጥ እርጅናዬን በፊርማዬ ማጽደቅ መሰለኝና ከፋኝ። አላለቀስኩም። ዓይኔ ብቻ ትንሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የምሸጥበት ምክንያት፦ ጀርባዬ። የቤንዚን ሰልፍ። ዝናብ ሲመጣ ጭኔ ላይ የሚያንጠባጥበው ጣሪያ። እኛ ሦስት፣ ወንበሩ ሁለት። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ እኔ ብቻ በየጠዋቱ ሙሉ ኮንዶሚኒየም የምቀሰቅስ መሆኔ።

የማልሸጥበት ምክንያት፦ ጠዋት ከአያት ወደ ቦሌ ስወርድ፣ ጣሪያዋን ከፍቼ፣ ፀሐይዋ ከኋላዬ ብቅ ስትል። ሌላ የለም። ይኼ አንዱ ግን ያን ሁሉ ይመዝናል።

ሶስና ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ ለጠፈችልኝ። «ማሚ፣ ቪንቴጅ እኮ ነች፣ ዛሬውኑ ትሸጣለች፣ ትረስት ሚ» አለች። እውነቷን ነው፤ ስልኬ ዕረፍት አጣ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ካፌ ሊከፍት ነው። ቆርጦ ባንኮኒ ሊያደርጋት። «የፊቷን ግማሽ ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ። ዘጋሁበት። ሁለተኛው ለሙሽራ ሊያከራያት ነው፤ ግን ነጭ ሊቀባት። ብርቱካን ነጭ? እሱንም ዘጋሁበት። ሦስተኛው ምንም አላጠፋም። ድምፁ ብቻ አላማረኝም።

ማርቆስ ይሄን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ «አስቱ፣ መኪና ነው የምትሸጪው ወይስ ልጅ ነው የምትድሪው?» አለኝ። ሶስና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ጀርባዬን ወጋኝ እንጂ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሰው አገኘሁ! ይመስለኛል።

ጋሽ ቱሉ ይባላሉ። ቤታቸው ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ነው፤ ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው። ኋላ የአሸዋ መኪና ሾፌር ሆነው ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጫልቱ ጋር ሆነው መጡ።

ጋሽ ቱሉ ብርቱካንን ልክ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሯት። ጎማዋን ጫን ጫን፣ ጎኗን መታ መታ፣ ጎንበስ ብለው ሆዷን።

«ጥርሷንስ አያዩም?» አልኳቸው።

«አርጅታለች፤ አውቃለሁ። ያረጀ በሬ መንገድ አይጠፋውም» አሉ፣ ፍንክች ሳይሉ።

ለምን እንደፈለጓት ስጠይቃቸው ወደ ባለቤታቸው አዩ። እትዬ ጫልቱ ይሄን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ጀመሩ። «አጭቶኝ ሳለ በላምበረት መንገድ ጤፍ ጭነን ገበያ ስንሄድ፣ እንዲህ ያለች መኪና አለፈችን። አንዲት ሴት ሻሿ በነፋስ እየተውለበለበ። ይሄ ሰውዬ ‘በእንዲህ ያለችው ነው የምወስድሽ’ አለኝ። በምን ወሰደኝ? በአህያ!»

«ይኸው እስከ ዛሬ ትነዘንዘኛለች። ቃሌን በልቼ ልሙት እንዴ?» አሉ ጋሽ ቱሉ ጫማቸውን እያዩ።

ወንበሩ ሁለት ስለሆነ እትዬ ጫልቱን ይዤ ዞር ዞር አልን። ሻሻቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ መንገዱን ትተው እኔን ሲያዩ ነበር። ስንመለስ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ልትወድቂ ነው እያልኩ ተጨነቅኩ» አሉኝ። ፍጥነቴን መስሎኝ ሳቅኩ።

ዋጋ ላይ አልተከራከርንም። ከሌላ ሰው የተሻለ ያቀረቡት ነገር ቢኖር ያ የላምበረት መንገድ ነው። ቆርጠው ባንኮኒ አያደርጓትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ተፈራረምን። ብርቱካን የእኔ አይደለችም።

እኔው ነድቼ ግቢያቸው አስገባኋት። ሰፊ ግቢ ነው፤ ከጀርባው ገና ቤት ያልተሠራበት ሜዳ አለ። ለጋሽ ቱሉ ሁሉንም አስረዳኋቸው፦ ነዳጁን ሁለቴ ረገጥ፣ የአየር መዝጊያዋን ቾኩን ግማሽ ድረስ ሳብ፣ ከዚያ ቁልፉን። ሲቀዘቅዛት አለመቸኮል። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያውን ቀድሞ መዝጋት። ሙሽራ ለአማቿ እንደምታስረክብ እናት አወራሁ አወራሁ።

ሁለቱን ቁልፎች ሰጠኋቸው። አንዱን ወሰዱና ሌላውን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«ገመዱ አይሸጥም» አሉ።

«የምን ገመድ?»

«በእኛ ቤት በሬ ሲሸጥ ገመዱ ሻጩ ጋ ነው የሚቀረው። ከነገመዱ የሰጠ በረቱን ባዶ አደረገ ይባላል። አባቴ እንዲያ ነበር። እኔም የአሸዋ መኪናዬን ስሸጥ አንድ ቁልፍ አስቀርቻለሁ።»

«ገዢው ምን አለዎት?»

«ሌባ አለኝ።»

እትዬ ጫልቱ በሳቅ ፍርስ አሉ። ቁልፏን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ቅርብ ነው። ግን ዞሬ ላለማየት የሄድኩበት መንገድ ሩቅ ሆነብኝ። ቤት ስደርስ ማርቆስ ሻይ አፈላልኝ። እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በሚኒባስ ሥራ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ፀሐይዋ ከኋላዬ ብቅ ስትል አየሁ። አንድ አይደለም። ጀርባዬ ግን ቀለል ብሎኛል። ሐኪሙ ልክ ነበር ማለት ነው። ልክ መሆኑ አናደደኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ቱሉ ደወሉ። «ልጄ፣ እምቢ አለች።»

«ነዳጁን ሁለቴ ረገጡ?»

«ረገጥኩ።»

«ቾኩን ሳቡ?»

«ሳብኩ። አሥር ዓይነት አደረግኩ። አንዴ ተነሥታ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ጠፋችብኝ። እንጃ፣ ናፍቀሻት ይሆናል። በሬም የለመደውን በረት ያስባል።»

ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እመጣለሁ አልኳቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፤ ማንም አያነበውም። ደስ አለኝ። ከእኔ በቀር ለማንም አልነሳ በማለቷ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ደስ አለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከየት ልጀምር!

ከጸሎት በኋላ ከማርቆስ ጋር ሄድን። ጋሽ ቱሉ ኮታቸውን ለብሰው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሞከሩ። ምንም። ወረዱና እኔ ገባሁ። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሣች! አንገቴን ቀና አድርጌ ወረድኩ። ተመልሰው ሲቀመጡ ሁለቴ ተንተፋትፋ ጠፋች። እንደገና እኔ። ተነሣች። እንደገና እሳቸው። ጠፋች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ቱሉ «ጸበል እንርጫት መሰለኝ» አሉ፤ የእኔው ማርቆስ ደግሞ «እንጸልይላት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ ጫልቱ ከደጃፉ ጮኹ።

«አንተ እኮ እንደ ምሰሶ ነው የምትቀመጠው! እሷ እንዲህ ነው የምትለው!» ብለው ወደ እኔ እየጠቆሙ ወንበራቸው ላይ ወደ ግራ ዘመም አሉ። ትከሻቸው ወደቀ፣ ወገባቸው ተጣመመ፣ ክርናቸው የሌለ በር ተደገፈ። «ሐሙስ ዕለት ስትሄድም ስትመለስም እንዲህ ነበረች። ልትወድቂ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ ቀዘቀዝኩ። አቀማመጡን አውቀዋለሁ። በየመስታወቱ የማየው የራሴ አቋም ነው።

ማርቆስ ግን ወንበሩን ወደ ግራ ጫን አድርጎ አየና ምንጣፉን ገለጠው። በሾፌሩ ወንበር ሥር፣ በግራ በኩል፣ ከቁልፉ ወደ ኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ሽቦ አለ። መጋጠሚያው ላልቷል። ወንበሩ ወደ ግራ ሲጫነው ይገናኛል፤ ሲለቀው ይለያያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ተጣምሜ ስነዳ የኖርኩት ለዚህ ነው። ቀና ስል እያሳላት፣ ዘመም ስል እየተመቻት፣ ሳታናግረኝ አስለመደችኝ። ጀርባዬም እርጅና አልነበረም። ሽቦ ነበር።

ፍቅር ያልኩትም ሽቦ ነበር። ይኼኛው ትንሽ ቆረጠኝ። ጌታዋን ታውቃለች ስባል የኮራሁት ኩራት ሁሉ!

ማርቆስ ሽቦውን አጥብቆ በፕላስተር ጠቀለለው። ጋሽ ቱሉ እንደ ምሰሶ ተቀምጠው አስነሷት። ግቢውን ዞሩ። ሲወርዱ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የሸጥሻት ለጀርባሽ ከሆነ ምክንያትሽ ጠፋ። ገመዱም አንቺ ጋ ነው። የእኔን ገንዘብ መልሰሽ ውሰጃት ብልሽ ቅር አይለኝም። አድረሽ ንገሪኝ።»

እትዬ ጫልቱ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ላይ ወስኜ ነበር። እወስዳታለሁ። ለማርቆስም ነገርኩት። «እንጸልይበት» አላለም፤ «እሺ» ብቻ። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲው ውስጥ ሳንጎራጉር ዋልኩ። ባልደረቦቼ ሎተሪ የደረሰኝ መስሏቸዋል።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ቱሉ ግቢ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። «ነይ ጉድሽን እዪ» አሉኝ።

ብርቱካን ጣሪያዋ ተከፍቶ ቆማለች። እትዬ ጫልቱ ውስጧ ናቸው። በሾፌሩ ወንበር። ሞተሩ አልተነሣም፤ ቁልፍም የለም። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ሜዳውን ያያሉ።

«ከምሳ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ላዙርሽ ብላት ውረድልኝ አለችኝ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

እትዬ ጫልቱ ሰሟቸው። «እሱ እኮ ያን ቀን በደንብ አላያትም» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ያቺ በላምበረት መንገድ ያለፈችው ሴት። ‘እወስድሻለሁ’ ይለኛል። ማን ወሰዳት? ተሳፋሪ መሰለችው? ራሷ ነበረች የምትነዳው! ብቻዋን!»

ጋሽ ቱሉ ይህን ዛሬ ገና መስማታቸው ነው። እኔም የመጣሁበትን ጉዳይ ከጉሮሮዬ መለስኩት። መመለሱ አሞኛል፤ አላሞኝም ብል ውሸት ነው። ግን እኔ የራሴን የላምበረት መንገድ ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ነድቼዋለሁ። እሳቸው አንዴ አይተውታል።

«ጋሽ ቱሉ፣ መኪናዋ የእርስዎ ናት» አልኳቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሥራ መልስ እመጣለሁ። እትዬ ጫልቱ ፈቃድ እስኪያወጡ ከዚህ ሜዳ አንወጣም።»

«ገመዱስ?» አሉ።

«ገመዱ እኔ ጋ ነው።»

ዞሬ በተሳፋሪው በር ገባሁ። ብርቱካንን ከገዛኋት ጀምሮ በዚያ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ በኩል ሌላ መኪና ትመስላለች። ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለእትዬ ጫልቱ ሰጠኋቸው። ነዳጅ ሁለቴ፣ ቾክ ግማሽ። ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ ትከሻቸው ወደ ግራ ዘመም አለ። እኔን አይተው የተማሩት ነው።

«እትዬ ጫልቱ» አልኳቸው፣ «መጀመሪያ ቀጥ ብለው ይቀመጡ።»

ቀጥ አሉ። ቁልፉን አንዴ ሲያዞሩት ተነሣች። ቀናሁ፣ ትንሽ። ከዚያ ጮክ ብዬ አጨበጨብኩ።