በወንዶች በኩል የነበረው ሥዕል

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። የዕለት ማስታወሻዬን ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ የዛሬው ወሬ ግን ለአንተ የሚነገር ሆነብኝ።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጉለሌ ብዙ ተለውጣለች። አንድ ሹማቸው የኛን ደብር መኖሪያ ቤቱ ሊያደርገው ወሰነ። አትደንግጥ፤ ካህናቱ ታቦቱን አስቀድመው ወደ እንጦጦ አሽሽተውታል። ሰውዬው ቅኔ ማህሌቱን ሳሎን፣ መቅደሱን መታጠቢያ ቤት እያደረገው ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ መስኮቱ ሁሉ መስተዋት ሆኗል። አንተ በጨርቅ ላይ ስለህ ግድግዳው ላይ የለጠፍከው የፍርድ ቀን ሥዕልም ተፍቆ ሊጣል ነበር።

መቼም ብሩሽህን ትቼ አቡጀዲ ሻጭ በመሆኔ ተቀይመህ፣ ከኃጥአን መሃል፣ እንደ ኃጥአን አሳሳል ወግ ባለ አንድ ዓይን አድርገህ በጎን ስለኸኛል። ንግዴ ግን ጠቀመን። ሹሙ መጋረጃ ሊገዛ ሱቄ ሲመጣ ዋጋውን ዝቅ አደረግሁለትና፣ ግድግዳውን እኔ ላጽዳልህ፣ የተለጠፈውን አሮጌ ጨርቅም ልውሰደው አልኩት። ምን ያደርግልሃል ቢለኝ «እህል አሰጣበታለሁ» አልኩ። አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ነው። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ተረጎመለትና በአማርኛ «ጋሼ፣ ከጥጉ ጀምር፤ እንዳይቀደድ» አለኝ።

ሙጫው የስንዴ ዱቄት መሆኑን የነገረችኝ እማዬ ናት፤ ያኔም ያፈላችልህ እሷ ነበረች። ከእሷ ጋር እርጥብ ጨርቅ እየለጠፍንበት ሁለት ቀን ጠበቅን። ቢቀደድ መልሶ የሚስለው የለም። በሦስተኛው ቀን ሙሉው ሥዕል እጃችን ላይ ወረደ።

ለካ እማዬ አይታው አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችው በሴቶች በኩል፣ አንተ የለጠፍከው በወንዶች በኩል። መጀመሪያ እኔን አገኘችና «ይሄ ባለ አንድ ዓይን የኔ ልጅ አይደል?» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ከጻድቃን መሃል የአንገቷን ንቅሳትና የቅንድቧን ጠባሳ አየች።  ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ለኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የደብሩ ወንድ ሁሉ ሲያየኝ ኖሯል» አለች። ቤት እስክንደርስ አንተን እየወቀሰች ሳቀች።

ሥዕሉ አሁን ሱቄ ውስጥ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እማዬ በየሰንበቱ ጥቅሉን ታስፈታኛለች።

አባዬ፣ ስምህን ሳላነሣ የማድርበት ቀን አይኖርም። ደብሩ ተመልሶ ደብር ሲሆን ሙጫውን አስፈላለሁ፤ ካህናቱንም እሺ እስኪሉኝ እከራከራቸዋለሁ። ሥዕልህን የምለጥፈው በሴቶች በኩል ነው፤ እማዬ ከምትቆምበት ፊት ለፊት።

ልጅህ