አባዬ የዘረጋው ቧንቧ

ጥቅምት 4፣ ጅግጅጋ
የውሃ ፈረቃችን ቀን። የግቢው ቧንቧ ደህና ይወርዳል፤ የሻወሩ እንደ ልማዱ ጠብ ጠብ። አባዬን በባልዲና በጆግ አጠብኩት። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከሰነፈ ወዲህ እኔው ነኝ የማጥበው። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሴት ልጁ ስታጥበው... ምን ይበል? ሻወሩ ሥር ወንበር አስገብቼለታለሁ። ውሃው ቢወርድ ራሱ ይታጠብ ነበር።
"ቧንቧው ይቀየር" አልኩት።
"የኔ ቧንቧ ምን ሆነ?"
እናቴ ውሃ መሸከም እንድትተው ብሎ በገዛ እጁ የዘረጋው ነው። እሷ ከሞተች አሥር ዓመቷ። እንዴት ብዬ ልከራከረው?

ጥቅምት 6
ቧንቧ ሠራተኛው ዐብዱልቃድር መጣ። "እህቴ፣ ብረቱ ውስጡ በዝገት ተደፍኗል። ግድግዳው ተሰብሮ በፕላስቲክ ይቀየር። ፓምፕ ብቻ ከገጠምሽ ያፈነዳዋል።"
አባዬ ከአልጋው ሆኖ፦ "ግድግዳዬን የሚነካ የለም!"
ፓምፑ ይገጠም አልኩ። እያወቅኩ። ደከመኝ።

ጥቅምት 9
ፓምፑ ከታንከሩ ጋር ተገጠመ። ሃያ ደቂቃ ወረደ... ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ፈነዳ። ልስኑ ተዘረገፈ፣ ፍራሹ ራሰ። ከቢሮ አስፈቅጄ የቀረሁበት ቀን በመወልወል አለቀ።
"አላልኩሽም?" አለኝ አባዬ።
ምኑን ነው ያለኝ? መወልወያውን ወርውሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 10
ዐብዱልቃድር የፈነዳውን ቆርጦ አወጣና ለአባዬ ሰጠው። "አዴር፣ ይዩት" አለው፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቱ ነው።
ዝገት ሞልቶት የእስክሪብቶ ቀፎ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። አባዬ በደህናው እጁ ወደ መስኮቱ አነሳው። በቀዳዳዋ አጮልቆ አየ።
"በዚህ ነው ውሃ የምጠብቀው?" አለ። ማንን እንደጠየቀ አላውቅም።
ከዚያ ለዐብዱልቃድር፦ "ስበረው።"

ጥቅምት 13
አቧራ። ወጡ ውስጥ፣ አልጋው ውስጥ፣ ጥርሴ ውስጥ። አባዬ ወንበር አስወጥቶ በሶማልኛ ያዛል፤ ዐብዱልቃድር በአማርኛ "እሺ አዴር" ይላል። መታጠፊያ አታብዛ፣ ውሃው ይደክማል አለው። እውነትም ሠራተኛው ሁለት መታጠፊያ ቀነሰ። እኔ ስናገር ማን ሰምቶኝ ያውቃል?

ጥቅምት 17
ሥራው አለቀ። ውሃ የለም! ፈረቃችን ትናንት ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ። መስመር ተሰብሯል ይላሉ፤ የት እንደሆነ የሚነግረን የለም። አዲስ ቧንቧ፣ ባዶ ታንከር፣ ያው ባልዲ፣ ያው ጆግ። አባዬ እንደገና ፊቱን ወደ ግድግዳ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 21
ጠዋት መጣ። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን አስነሳሁት። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ላወልቅለት ስል እጄን ገፋው።
"ውጪ።"
በሩን ዘጋው። ሲወርድ ሰማሁ... የምር ሲወርድ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አንድ ነገር ወደቀ።
"አባዬ! ልግባ?"
"ቁሚ እዛው!" ልጅ ሳለሁ እንደሚጮህብኝ ነው የጮኸው።
ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ሆነው። ታንከሩን ሊጨርሰው ነው።
ይጨርሰው።