ለእንግዳ የተመረጠው ዓሣ

ይድረስ ለማከብርዎ ለአባቴ ለአደም፣ ቁንዝላ

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ። እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ ተሻለዎ? እማዬስ፣ ያ ሳሏ ለቀቃት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ እንባዬ ስለቀደመኝ እህቴ ናኢማ ታንብብልዎ ብዬ ጻፍሁ።

ክረምቱን እናንተ ቤት የከረመችው ሚስጥር ተማሪዬ እንደሆነች ያውቃሉ። በቤተ ሙከራ የማሠለጥናት እኔ ነኝ፣ ወደ እርስዎም የላክኋት እኔው ነኝ። ሥራዋ የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ መጠኑ እያነሰ መሆን አለመሆኑን መለካት ነበር። ለዚህም መረቡ ያወጣውን ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል፣ መመዘን ነበረባት።

ባለፈው ጁምዓ ሲደውሉ ታዲያ ደስ እያለዎት ምን አሉኝ? ጎሕ ሲቀድ መረቡን አውጥተው፣ ድቃቂውን ለቤት አስቀርተው፣ ሰባ ሰባ ያለውን ለልጂቱ ይሰጧት ኖሯል። ለእንግዳ ድቃቂ መስጠት ነውር አይደለም ወይ አሉኝ። ወይ አባዬ! ምን ብዬ ልቆጣዎ? እኔንም ያሳደጉኝ በዚሁ ወግ ነው። እርሷ መረቡ ያወጣው ይኸው ነው ብላ አመነች፤ እኔ አሠልጣኟ ደግሞ ጎበዝ አልኋት።

ትልልቁን ብቻ ስለመዘነች ልፋቷን ሁሉ ውሃ በላው። እንደገና ትለካ እንዳልል መሥሪያ ቤቷ ለትምህርት የሰጣት ፈቃድ በዚህ ወር ያልቃል። ያልለመንሁት ኃላፊ የለም፤ ሰሚ አጣሁ። አንድ ባልደረባዬ ዝም ብለሽ ጥናቷን ፈርሚላት፣ ማን ያውቃል አለኝ። እጄ እምቢ አለ። ዓሣው ሞልቷል ተብሎ መረብ ቢጨመርበት የምትራቡት እናንተው ናችሁ። እርሷ ግን ያለ ዲግሪ መመለሷ ነው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ አባዬ።

ትናንት ነገርኋት። አላለቀሰችም። ዕቃዋን እየሸከፈች አደራ ለአባትዎ እንዳይነግሩብኝ፣ ከእንግዲህ እንግዳ መቀበል ይፈራሉ አለችኝ። እሺ ብያት ነበር። ግን ለሚመጣው ክረምት ዳኘው የሚባል ሌላ ተማሪ ልልክ ነው፤ ዝም ብል ለእሱም መርጠው ይሰጡታል። ለእሱ ድቃቂውንም ይስጡት፣ ነውር የለበትም። አይቀየሙኝ።

እማዬን መሪማን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜ አሕመድ ጀልባውን ጠግኖ ጨረሰ ወይ? ሰላም በሉልኝ። ናኢማዬ፣ ይህን ለብቻቸው አንብቢላቸው፣ ጎረቤት አይስማ። ሚስጥርም ሰላም ይበሉልኝ ብላለች አባዬ፤ አሁንም አባቴ እያለች ነው የምትጠራዎ።

ልጅዎ ፈይዛ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.