ስም ያልተጻፈበት ፎቶ

ይድረስ ለወንድሜ ለኤቬሊዮ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ ማኒሳሌስ ዝናቡ ቢያሰለቸንም ደህና ነን። እማማም ደህና ትበላለች። ጨዋነቷ ግን ብሶባታል፤ ሾርባ ሳቀርብላት «አስቸገርኩዎት» ትለኛለች።

የበቆሎ ቂጣችንን፣ አሬፓ ስትጠፈጥፍ ያነሳኋትን ፎቶ ሐሙስ ዕለት ወደ ፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን ወሰድኩት። እኛ ዘንድ ፎቶ ያለ ስም ይሰቀላል፤ ያነሳውም ሰው አስተያየቱ እስኪያልቅ ትንፍሽ አይልም።

ከአባላቱ አንዱ፣ ዶን አንሴልሞ፣ ተጠግቶ አየው። «ብርሃኑ ግሩም ነው። ዓይኗን ግን እዩት፤ የማታውቀው ሰው ቤቷ የገባባት ትመስላለች። ሌላ ጊዜ ልጇ ብታነሳት ይሻላል» አለ።

ሁሉም ተስማሙ። በመጨረሻ «የማን ነው?» ሲሉ እጄን አላነሳሁም።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን አስቀድመህ ለዚህ ፋሲካ አድርገው። ካሜራውን አንተ ትይዛለህ።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ኑቢያ