የለማ ጠመንጃ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፩ ዓ.ም.፣ መቱ

ዛሬ የልጄ የለማ አርባ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተሰማ፣ ለክብሩ በለማ በራሱ ጠመንጃ እንተኩስ አለ። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነው። አስቀድሜ ለብቻዬ ወሰድኩት። እሳት የሚገባበትን ቀዳዳ በመርፌ ስጠርግ የረጋ ቅቤ ወጣ። በክረምቱ እንዳይዝግ ብዬ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ሳልወለውለው ሰቀልኩት። ለማ በቆሎ ሊጠብቅ ይዞት ወጣ። ከርከሮ ሲመጣበት ጠመንጃው አልተኩስ ብሎ እንቢ አለው፤ ልጄ ሞተ።

ዛሬ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ ለተሰማ ሰጠሁት።

«ይቺ አሮጊት ጠመንጃ ዛሬም እንዳታሳፍረን» አለ። በመጀመሪያው ሙከራ ተተኮሰ።

«አዩ እትዬ፣ ያን ቀን ባሩዱ እርጥብ ነበር» አለኝ።

«ይሆናል» አልኩት። መርፌውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ እንደሰካሁት ነው።